የመጀመሪያዋ ተማሪ

«ዛሬ ደግሞ ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብላ ልትገለፍጥላችሁ ነው» አለች ማናንግ ፌ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ለሚልጡት ጎረቤቶች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ዝቅ ማድረጉ ግን ለወጉ ያህል ነበር እንጂ፣ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ሸሚዝ የምትተኩሰው ታናሽ እህቷ ዌንግ እንድትሰማላት ፈልጋለች። «ዓይኗን በጨው አጥባ! እናቷ ነገ ልትቀበር፣ እሷ ዛሬ ከጃፓን ልጅ ጋር ኤ፣ ቢ፣ ሲ ትላለች።» ከሴቶቹ አንዷ «ወይ ጉድ!» አለች። ሌላዋ «እስቲ ተያት ፌ፣ እንጀራዋ ነው» ብላ ልታበርድ ሞከረች። ዌንግ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስታ ቆመች። መልሱ አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር፤ ዋጠችው። ከቅዳሜ ጀምሮ ከእህቷ ጋር የተለዋወጠችው ቃል ቢቆጠር ሃያ አይሞላም። «ስኳሩ አልቋል»፣ «ቄሱ መጥተዋል»፣ «ወንበር አቀብይኝ»፣ በቃ ይኸው ነው። ማናንግ ፌ ሪያድ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ እናቷ በሞተች በሁለተኛው ቀን ደርሳ፣ በር ላይ ሻንጣዋን ጥላ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ከሰፈሩ ጆሮ አልወጣም። ከዚያ ወዲያ ግን ሁለቱ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ነገር ነገርን ያነሣዋልና ሁለቱም ፈሩ።

ሸሚዙ ሰማያዊ ነው። ዌንግን ለጃፓን ልጆች በኢንተርኔት እንግሊዝኛ እንድታስተምር የቀጠራት ድርጅት አስተማሪዎቹ ሁሉ ሰማያዊ ይልበሱ ብሏል፤ የሚታየው ግን ከወገብ በላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከታች ያደረገችውን የቤት ቁምጣና የተበጠሰ ሲሊፐር የሚጠይቃት የለም። ችግሩ ግራ ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘችው ጥቁር ጨርቅ ናት። ልጅ ለእናቱ ዓመት ሙሉ ያደርጋታል፣ ሳይሞላ የፈታት እንደሆነ ሰው ይታዘበዋል። ዌንግ ትፍታት አትፍታት ስታመነታ ቆይታ፣ በመጨረሻ ኮሌታዋን ገልጣ በውስጥ በኩል፣ ቆዳዋን እየነካች እንድትቀመጥ አድርጋ ወጋቻት። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ወጣች።

ሳሎን ማለት እንግዲህ አራት እርምጃ በአምስት እርምጃ ነው፤ ግማሹን ሬሳ ሣጥኑ ይዞታል። ከሐሙስ ወዲህ ቤቱ አልተጠረገም፤ ለቅሶ ባለበት ቤት መጥረጊያ አይነሣም፣ መጥረግ ሌላ ሞት ይጠራል ይባላል። ስለዚህ አምስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው የከካው የሐብሐብ ፍሬ ቅርፊት ወለሉን አልብሶታል፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ሰው ሁሉ በኢሎኢሎ ከተማ የሚያዝያ ሙቀት በካርቶን ቁራጭ ራሱን ያራግባል። እናታቸው ናናይ ኮንሲንግ በመስታወቱ ሥር፣ ለፌ ምረቃ ብላ የገዛችውን፣ ፌ ኮሌጁን አቋርጣ ሪያድ ስለሄደች ሳትለብሰው የቀረችውን የዳንቴል ቀሚሷን ለብሳ ተኝታለች። የቀብር ሰዎቹ ከንፈሯን ቀይ ቀብተዋታል። በሕይወቷ ቀለም ነክቷት የማያውቅ ሴት!

ሣጥኑ ያረፈበት ግድግዳ ሥር የእናቷ የመኝታ ጥግ ነበር። ዌንግ ሥራውን ልትጀምር ስትነሣ፣ ለካሜራ የሚሆን ብርሃን ያለው በዚህ መስኮት በኩል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የኢንተርኔቱ ኬብልም በዚሁ በኩል ገብቶ ከሁለት ክንድ አያልፍም። ድርጅቱ ደግሞ በኬብል ካልሆነ አይሆንም ብሏል። እናቷ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ፍራሿን ጠቅልላ ወጥ ቤት ወሰደችው። «እኔ'ኮ ከምድጃ አጠገብ ስተኛ ጉልበቴ ይሻለዋል» አለች። ውሸቷን ነው። ከዚያ የምታረባትን እናት አሳማ ሸጠች፣ አሮጌ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ተገዛ፤ ሁለቱ አብረው ግድግዳውን ቢጫ ቀቡት፣ ፊደል ቆርጠው ለጠፉበት። ጎረቤት «ኮንሲንግ፣ አሳማሽ ወዴት ሄደች?» ሲላት «ጃፓን» ትል ነበር። ሐሙስ ለት ላ ፓስ በሚባለው ገበያ፣ የጎመን እስሮቿ መሐል ወደቀች፣ ሳትነሣም ቀረች። የቀብር ሰዎቹ ሣጥኑን ይዘው ሲመጡ የሟች እግር ወደ በር መዞር አለበት ብለው ለኩ፣ ሌላ ቦታ አልነበረምና ቢጫው ግድግዳ ሥር አሳረፉት። በላዩም የራሳቸውን ነጭ መጋረጃ ከነመብራቱ ሰቀሉበት። ፊደሎቹ ከመጋረጃው በስተኋላ ቀሩ።

የመጀመሪያው ትምህርት ዓርብ ነበር። ዌንግ እናቴ ሞታለች ብላ ጻፈች። «ኀዘንዎን እንካፈላለን፤ ለማክሰኞ አሥር ሰዓት ተዛውሯል፤ ሁለተኛ ማዛወር አይፈቀድም፤ የመጀመሪያ ትምህርቱን ያላስተማረ ከመዝገብ ይሰረዛል» የሚል መልስ መጣላት። ኀዘኑንና መሰረዙን በአንድ መስመር! ከተሰረዘች ደግሞ የሚጠብቃት ሪያድ ነው። ማናንግ ፌ ለአሠሪዋ እህት ነግራላታለች፣ አርባው እንደወጣ ትሄዳለች ተብሏል፤ የሕክምና ምርመራ ቀን ሳይቀር ተይዟል። ለማስቀረት የታገለችው እናቷ ነበረች። «አንዷን በረሃ በላብኝ፣ አንዱን ባሕር በላብኝ» ትል ነበር፤ ወንድማቸው መርከበኛ ነው፣ አሁንም በየትኛው ውቅያኖስ ላይ እንዳለ እንጃ፣ ለቀብርም አይደርስም። «አንቺን ግን ለማንም አልሰጥም። ከዚሁ ሆነሽ አስተምሪ። አሳማ እንደሆነ ይወለዳል።»

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ዌንግ ግቢ ወጣች። ከሸራው ሥር ማኖንግ ባልዶ፣ ጡረታ የወጡት የባጃጅ ሹፌር፣ ካርታ ጨዋታውን ይመራሉ፤ ለቅሶ ያለ ካርታ አይደምቅም። ተፋላሚ ዶሯቸው ከወንበራቸው እግር ጋር ታስሯል።

«ማኖንግ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ዝም ይበሉልኝ። በእግዚአብሔር።»

«ሃያ አምስት?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። «እናትሽ አርባ ዓመት ጎረቤቴ ሆና ሃያ አምስት ሰከንድ ዝም አሰኝታኝ አታውቅም። እሺ፤ ስለ ኮንሲንግ ነው እንግዲህ።» ተነሡና አጨበጨቡ። «ስሙ! ካርታ የወረወረ፣ ፍሬ የከካ፣ ያሳለ፣ ያነጠሰ ከጨዋታ ውጪ ነው። ክፍል ሊገባ ነው!» ከዚያ ወደ ዶሯቸው ዞረው «አንተንም ይመለከታል፣ ባለጌ» አሉት፤ በቅርጫት ደፉት፣ በላዩም ጃኬታቸውን ጣሉበት።

ዌንግ የእናቷን የጎመን መሸጫ ዱካ ሳበችና ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ዱካው ዝቅተኛ ስለሆነ ካሜራው የሚያሳየው ፊቷን፣ ነጩን መጋረጃና መብራቶቹን ብቻ ነው፣ ከጎንም ትንሽ አበባ። ቀኝ ክርኗ ሣጥኑን ይነካል። ከካሜራው ጀርባ ጉዱን ሊያዩ ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ ገብተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ሽንኩርት ይልጡ የነበሩት ሴቶችም መጡ፣ ቢላቸውን እንደያዙ። ማናንግ ፌ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ዌንግ አይታታለች፤ አላየችም ለመባል ግን አንገቷን አላዞረችም። ፈገግ አለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ ሰው የጫነባት ዕቃ ሆኖ ከበዳት።

ተማሪዋ ኮሃሩ ስክሪኑ ላይ መጣች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም፣ ጠረጴዛው ላይ አገጯን አስደግፋ ነው የምታየው።

«ሰላም፣ ኮሃሩ! እኔ ቲቸር ዌንግ ነኝ!» ዌንግ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ አወዛወዘች። ከጀርባ አንዷ አሮጊት አማተበች።

የዕለቱ ትምህርት «ቤተሰቤ» ነው። ሥዕሎቹን የሚያዘጋጀው ድርጅቱ ነው፣ አስተማሪው መዝለል አይችልም። ይህ አባት ነው። ይህ ወንድም ነው። ኮሃሩ ጎበዝ ናት፣ ቃሉን ሁሉ ትመልሳለች፣ ዓይኗ ግን ሥዕሉ ላይ አይደለም። ከዌንግ ትከሻ በላይ ታያለች። «ይህቺስ ማናት?» አለች ዌንግ። ሥዕሉ ላይ ሽርጥ ያደረገች ሴት አለች።

«እናት» አለች ኮሃሩ። ከዚያ በጣቷ ጠቆመች። «ቲቸር፣ መብራት! አበባ! ልደት ነው?»

ልጅቷ ከተደናገጠች፣ አልቅሳ ከሄደች፣ የሚሆነውን ዌንግ ታውቃለች። ክርኗ ሥር እንጨቱ ይሰማታል። «አዎ» አለች። «ልደት ነው።»

«የማን?»

«የእናቴ።»

ከጀርባ አንድ ሰው ትንፋሹን ሳበ። ኮሃሩ ግን ከወንበሯ ዘለለች። «ዋው! ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድሳ ስምንት።»

«ስድሳ ስምንት!» ቁጥሩ ደነቃት፤ በጣቷ ልትቆጥር ሞክራ ጣት አነሳት፣ ሳቀች። ዌንግም ሳቀች። ከእውነት ሳቀች፣ አምልጧት ነው። እናቷ ብትሰማ እሷም ትስቅ ነበር። ኮሃሩ ተጠጋች። «ጥሪያት! እዘፍንላታለሁ።»

ዌንግ ወደ ቀኝ ላለመዞር አንገቷን አደነደነች። ብትዞር ዓይኗ ሣጥኑ ላይ ያርፋል፣ ዓይኗ ሣጥኑ ላይ ካረፈ ደግሞ ሁሉም ነገር ያበቃል። የመጣላትን ተናገረች። «ተኝታለች።»

«ኦ...» አለች ልጅቷ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። ከዚያ አፏን ካሜራው ላይ ልትለጥፍ ምንም እስኪቀራት ተጠግታ፣ በሹክሹክታ፣ ቃል በቃል፣ የልደት መዝሙሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነች። በጎደሉት ጥርሶቿ በኩል ንፋስ እየወጣ። ቤቱ ውስጥ ካርቶን የሚያራግብ እንኳ አልነበረም። ዌንግ የማዳመጫውን ገመድ እጇን ስታወዛውዝ ነቅላው ኖሮ፣ የልጅቷ ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር። ሽንኩርት ከሚልጡት አንዷ ቢላዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች። ዌንግ ፈገግ እንዳለች ናት። ኮሌታዋ ሥር ያለችው መርፌ ትወጋታለች፣ ደግ አደረገች ትላለች በልቧ፤ ሕመሙ ባይይዛት ታለቅስ ነበር።

«ጎበዝ፣ ኮሃሩ። በጣም ጎበዝ።»

«የሚቀጥለው ማክሰኞ ስትነቃ አሳዪኝ። እሺ ቲቸር?»

«እሺ» አለች ዌንግ።

ሰዓቱ አለቀ። መሰነባበቻውም ደንብ አለው። ተማሪው ሳይወጣ አስተማሪው አይወጣም፤ ልጁ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ እጁን እያወዛወዘ ይጠብቀዋል። ዌንግ እጇን አወዛወዘች፣ ኮሃሩም አወዛወዘች፣ ቆይታም ጠፋች። «ለቅሶ ቤት እንግዳ አይሸኝም፣ እጇን ትሰብስብ» ብላ አሮጊቷ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። እውነቷን ነው፤ ባለ ኀዘን ለቀስተኛን እስከ በር አይሸኝም፣ ደኅና ሁኑም አይልም፣ ሞትን «ተከተላቸው» ማለት ነው። ግን ጃፓን ያለን ልጅ ማን በር ላይ አድርሶት!

ውጤቱ ለመምጣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አምስት ኮከብ። ከሥሩ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማክሰኞ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ተይዟል።

«አለፈች?» አሉ ማኖንግ ባልዶ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው።

«አምስት ኮከብ» አለ አንዱ። ሰው ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ፣ የት እንዳለ ትዝ ሲለው እጁን መልሶ ሰበሰበ። ቅርጫቱ ሥር ዶሮው ጮኸ።

ዌንግ እየተንደረደረች ወደ ጓሮ ወጣች። እንባ ሣጥን ላይ እንዳይፈስ ከልጅነቷ ተነግሯታል፤ የፈሰሰ እንደሆነ ሟች መንገዱ ይከብደዋል ይላሉ። የልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አምስት ቀን ያጠራቀመችውን ለቀቀችው። ሥራው ተገኘ! እናቷን ጥላ ላለመሄድ የፈለገችው ሥራ ተገኘ፣ እናቷ ግን የለችም። ለማን ልትቀር ነው? ደግሞ በየማክሰኞው ያቺ ልጅ ናናይን ትጠይቃታለች፤ በየማክሰኞው ተኝታለች ልትላት ነው?

ከኋላዋ ሲሊፐር ተንሻተተ። ማናንግ ፌ ናት። የተሰጣ ልብስ እየነካካች፣ ደርቆ እንደሆነ የምታይ መስላ ቆየች። ዌንግ ስድቡን ጠበቀች።

«ያቺ ልጅ» አለች ማናንግ ፌ በመጨረሻ፣ «ለምንድነው በሹክሹክታ የዘፈነችው?»

«ናናይን እንዳትቀሰቅሳት ብላ።»

ማናንግ ፌ አንድ ፎጣ ከገመዱ አወረደች። አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። «አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ አስተኝቻለሁ» አለች። «እሹሩሩ ብያለሁ። ለናናይ ግን አንድ ቀን...» አልጨረሰችውም። ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ዌንግ ተነሥታ ልትይዛት ፈለገች፣ እጇ ግን እንዴት እንደሚደረግ የረሳ መሰለ፣ አጠገቧ ሄዳ ብቻ ቆመች። ማናንግ ፌ ከፎጣው ውስጥ ተናገረች። «ተማሪ ሆንኩልሽ ብላ ስልክ ደውላልኝ ነበር። እየሳቀች። ዌንግ ቪዲዮ ቀረጸችኝ አለችኝ። እመቤቴ እየጠራችኝ ነው ብዬ ዘጋሁባት። እሱ ነው የመጨረሻው። ቪዲዮው አለሽ?»

አለ። ድርጅቱ ለፈተና ከተማሪ ጋር የተቀረጸ ናሙና ሲጠይቅ፣ የሰፈሩ ልጆች አልቀመጥ ብለው ስላስቸገሩ፣ ተማሪ የሆነችው እናቷ ነበረች። ዌንግ ላፕቶፑ ፊት፣ እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ በስልክ። እንግሊዝኛውን ሁለት ሳምንት በቃሏ ስታጠና፣ ጎመን እየሸጠች ስታነበንበው ገበያተኛው አብዳለች ብሎ ነበር። በሸንኮራ እርሻ መሐል ተወልዳ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ናት፤ ዌንግ በዚያ ቪዲዮ ነው የተቀጠረችው።

ሁለቱ ተያይዘው ገቡ። ዱካው ለሁለት ስለማይበቃ ማናንግ ፌ ቅርፊቱ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዌንግ ቪዲዮውን ከፈተችው። የናናይ ኮንሲንግ ፊት ከድስቶቹ መሐል ብቅ አለ፣ በጣም ተጠግታ፣ ግንባሯና አንድ ዓይኗ ብቻ። ከዚያ ራቅ አለች።

«ስምሽ ማነው?» ይላል የዌንግ ድምፅ።

«ስሜ ኮንሲንግ ነው።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስድሳ ስምንት... ውይ! ሰባት! ሰባት ዓመቴ ነው!» ከግድግዳው ሥር የቆሙት ለቀስተኞች ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

«ቤተሰብሽ እነማን ናቸው?»

እናቷ ይህንን ዌንግ ሳታስጠናት በራሷ ጨምራው ነበር። ጣቶቿን ዘረጋች። «አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ ባሕር ላይ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሩቅ ናት፣ እሷ ቤታችንን ሠራችው። አንዲቷ አስተማሪ ናት።» ማናንግ ፌ ፎጣውን አፏ ውስጥ ከተተችው።

«ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?»

ናናይ ኮንሲንግ ወደ ጎን፣ ወደ ምድጃው ተመለከተች። ያጠናችው ጠፍቶባት ነው ብላ ዌንግ ያኔ ተጨንቃ ነበር። «ሳድግ» አለች እናቷ ቀስ ብላ፣ «ሳድግ ትምህርት ቤት እገባለሁ።»

ማኖንግ ባልዶ በመስኮቱ በኩል መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጎበዝ ኮንሲንግ! ደኅና ሁኚ!» ናናይ እጇን አወዛወዘች። አወዛወዘች፣ አወዛወዘች፣ አልወጣችም። «ናናይ፣ ቀይዋን ተጫኚያ» ይላል የዌንግ ድምፅ፣ አሁን በቤታቸው ቋንቋ። «የቷን?» «ከታች ያለችውን።» «አልታየችኝም። አንቺ ቀድመሽ ውጪ።» «አይቻልም እኮ ናናይ፣ ተማሪው ሳይወጣ አስተማሪው አይወጣም።» እናቷ ከት ብላ ሳቀች። እጇን አላወረደችም። «እንግዲያው እዚሁ እንቆያለና!»

ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ፤ ምስሉ ሳይጠፋ፣ የተነሣ እጇ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ማናንግ ፌ ከወለሉ ሆና እጇን አነሣችና አወዛወዘችላት። «አይሸኝም፣ ልጄ፣ ነውር ነው» አለች አሮጊቷ፤ የሰማት የለም። ዌንግም እጇን አነሣች።